የምዋሊሙ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች

ንዱንጌ ሙሌይን ያወቅኳት ወንበሯን ወስጄባት ነው። ናይሮቢ በገባሁ በሰባተኛው ዓመት፣ ከንጎንግ መንገድ ገባ ብላ ባለች አንዲት ትንሽ የሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ውስጥ ሥዕልና ገጽ አሰናጅ ሆኜ ተቀጠርኩ። በመጀመሪያው ቀን መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ባዶ ስለነበር ሄጄ ዘፍ አልኩበት። የወንበሩ ባለቤት ከሻይ ስትመለስ ሌላ ወንበር ጎትታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ስልኳን አነሳች፣ ሥራዋን ቀጠለች። ወንበሩ የእሷ መሆኑን ሰዎች የነገሩኝ ከሳምንት በኋላ ነው። እኔ ብሆን እዚያው አንገት ለአንገት እንተናነቅ ነበር።

ደንበኞቻችን ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና የሻይ አምራቾች ማኅበራት ነበሩ። እነሱ ጋዜጣ ላይ መውጣት ይፈልጋሉ፣ ጋዜጠኛው ደግሞ የእነሱን ውዳሴ መስማት አይፈልግም። ንዱንጌ መሐል ትገባለች። ሰው የሚያነበው እውነተኛ ታሪክ ፈልፍላ ታወጣለች፣ ስለዚያ ነገር አውቆ የሚናገር ባለሙያ ታገኛለች፣ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋ ለጋዜጠኛው ታቀርባለች። እኔ «የታሪክ ደላላ» እላት ነበር። «ደላላ እንኳ ሲሳካለት ስሙ ይነሳል» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ በሃያ ዓመት ውስጥ ስሟ አንድም ቀን ጋዜጣ ላይ አልወጣም። የባለሙያው ስም ይወጣል፣ የጋዜጠኛው ስም ይወጣል፣ የእሷ ሥራ ከሁለቱ መሐል መጥፋት ነው።

ጋዜጠኛው ኦቲያቶ ይባላል፤ በከተማው ከሚነበቡት ጋዜጦች በአንዱ የንግድ ገጹን የሚይዘው እሱ ነበር። ቀጭን፣ ነጭናጫ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን የሚወጣበት ሰው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አዘጋጆቹ ተሰብስበው የቀኑን ገጽ ስለሚወስኑ፣ ንዱንጌ ከሦስት ሰዓት በፊት ትደውልለታለች። በቀን አንድ ታሪክ ብቻ። እኔ «ሁለት ላኪለትና ይምረጥ» ስላት በራሷ ያላመነች ሴት እንደዚያ እንደምታደርግ ነግራኝ ዘጋችኝ። የሚረባ ነገር ያላገኘች ቀንም ትደውላለች፤ «ኦቲ፣ ዛሬ ምንም የለኝም» ትለውና ስለ ልጆቹ ጠይቃው ትዘጋለች። ሌሎቹ የእኛ ዓይነት ቢሮዎች በቀን አርባ መልእክት ይልኩበታል፤ ሳያነብ ያጠፋዋል። የእሷን ስልክ ግን በመጀመሪያው ጥሪ ያነሳል። የገዛ ሚስቱ እንኳ ሦስቴ መደወል ነበረባት። ንዱንጌ ሌላ ሀብት አልነበራትም፣ ይቺን የመጀመሪያ ጥሪ ግን እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምትጠብቃት።

ባለሙያዎቿን የምትጽፍበት ሰማያዊ የተማሪ ደብተር ነበራት። አንዳንዴ ሻይ ስትጠጣ ሰርቄ አነበው ነበር። አንዱ የባንክ ሊቅ ስም ሥር «ጎበዝ ነው፣ ከምሳ በኋላ ግን አይደወልለትም» ይላል። ስለ ቤት ኪራይ የምታውቅ ሴት ስም ሥር «ታውቃለች፣ ትፈራለች፣ መጀመሪያ ስለ ጉልበቷ ሕመም ጠይቂያት» ይላል። አንድ ገጽ ላይ ግን «ሻይ፣ ምዋሊሙ» ከሚለው በቀር ምንም አልተጻፈም።

ምዋሊሙ ማለት መምህር ማለት ነው። ሰውየው ዶክተር ኒያምዌያ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ፣ ጡረታ ወጥተው ወደ ኒያሚራ ኮረብታቸው ተመልሰው ሻይ የሚያመርቱ። ስለ ሻይ ዋጋ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው ቢኖርም ለገበሬ በሚገባ ቋንቋ የሚናገር አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ንዱንጌ ትደውልላቸዋለች፣ ግማሽ ሰዓት ያወሯታል፣ ከዚያ ሁሉ ሦስት ዓረፍተ ነገር ታወጣለች። በኋላ ደከማቸው። ምን እንደምል ታውቂያለሽ፣ አንቺ ጻፊና ላኪልኝ፣ ልክ ከሆነ «ሳዋ» እልሻለሁ አሏት። ሳዋ ማለት እሺ፣ ይሁን ማለት ነው። በእኛ ሥራ ይህ የተለመደ ነው። ጋዜጣ ላይ በጥቅስ ውስጥ ከምታነቡት የባለሙያ ቃል ስንቱ እንደ ንዱንጌ ባለች ሴት ጣት እንደተጻፈ ብታውቁ ታዝናላችሁ። ቃሉ የባለሙያው የሚሆነው «ሳዋ» ሲል ነው። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያወራውም፣ ኦቲያቶም ያውቀው ነበር።

ምዋሊሙ ግን ሳዋ ብለው ብቻ አያውቁም። ሁልጊዜ «ግን» አለች። «ሳዋ። ግን ምናልባት የምትለዋን አውጪ፤ እኔ ምናልባት አልልም።» «ሳዋ። ግን ሁለተኛዋ ትረዝማለች፤ ገበሬ በአንድ ትንፋሽ አያነባትም።» ንዱንጌ እየተነጫነጨች ታስተካክላለች፣ አስተካክላ ስታነበው ደግሞ ትስቃለች። እኚህ ሽማግሌ አንድ ቀን ሳያርሙኝ ሲቀሩ ሳልሞት ባየሁ ትል ነበር።

አንድ ዓመት፣ ረጅሙ ዝናብ በገባበት ሰሞን፣ የላከችላቸው ጽሑፍ ለአሥራ አንድ ቀን መልስ ሳያገኝ ቆየና በአሥራ አንደኛው ቀን «ሳዋ» የሚል መጣ። ግን የለችም። ቀጣዩም እንደዚያው። ከቀጣዩም በኋላ እንደዚያው። ስልኳን ዓይኔ ሥር አምጥታ አሳየችኝ።

«አየሽ ሀበሻ? ሳዋ ብቻ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ተማርኩላቸው።»

የዚያን ቀን ማንዳዚ፣ በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ ዳቦ፣ ገዝታ ቢሮውን በሙሉ አበላች። ዘይቱ ጣቷ ላይ እያብረቀረቀ፣ እንደ ልጅ ደስ ብሏት ነበር። እኔም በላሁ፣ እንዲያውም ሁለት በላሁ፣ እና ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ሽማግሌው ምን ነካቸው አላልንም። እሷ እንዴት ትበል? ሃያ ዓመት የሌላ ሰው አፍ ሆና የኖረች ሴት ናት። ያ ሰው ልክ መጣልሽ ሲላት ምስጋና ሳይሆን መጥፎ ወሬ ነው ብላ እንዴት ትጠርጥር?

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሃያ ስድስት ጊዜ ምዋሊሙ ጋዜጣ ላይ ተናገሩ። አንዱን በተለይ አስታውሳለሁ፤ ገጹን ለደንበኞቻችን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። በጥር ወር የኒያሚራ ገበሬዎች በሻይ ዋጋ ተማረው ቁጥቋጦውን ነቅለው አቮካዶ ሊተክሉ ይማከሩ ነበር። ንዱንጌ የምዋሊሙን የድሮ ንግግሮች ሁሉ አገላብጣ ጻፈች። ቁጥቋጦውን አትንቀሉ፣ ረጅሙ ዝናብ ሲያበቃ ዋጋው ይመለሳል የሚል ነበር። ሦስት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው «ሳዋ» መጣ። ኦቲያቶ ርእስ አደረገው። ዝናቡ አበቃ፣ ዋጋው ግን አልተመለሰም።

በዓመቱ አጋማሽ ኦቲያቶ ምዋሊሙን በአካል ማየት እንደሚፈልግ ነገራት። ሙሉ ገጽ ሊሰጣቸው ነው፣ ፎቶ አንሺ ይዞ ሊሄድ ነው። በትንበያቸው ስሕተት ላይም ሊጠይቃቸው ይፈልጋል፤ ሰው ሲሳሳት እንዴት እንደሚያስብ ማወቅ ነው የምወደው አላት። ንዱንጌ ይህንኑ ጽፋ ላከች። መልሱ የመጣው ማግሥቱን ነው። «ምዋሊሙ ጥቂት አሞታል» ይላል።

መልእክቱን ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ቀስ ብላ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። «ስለ ራሳቸው እንዲህ ብለው አይጽፉም» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በናሮክ በኩል በሚሄደው ማታቱ ሚኒባስ ተሳፈርን። ስኳር፣ ዳቦና የሳምንቱን ጋዜጣ ይዛ ነበር። መንገዱን ሙሉ እኔ ስቀባጥር ነበር፣ ስፈራ እንደዚያ ነኝ።

ምዋሊሙን ያገኘናቸው ደጃቸው ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ነው። ኮትና ክራቫት አድርገዋል፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ተጥሏል። የፊታቸው ቀኝ ወገን ወርዷል፣ ቀኝ እጃቸው እቅፋቸው ውስጥ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጧል። ንዱንጌ ፊታቸው ተንበረከከች። «ምዋሊሙ፣ እኔ ነኝ፣ ንዱንጌ» አለቻቸው። ከንፈራቸው ለመንቀሳቀስ ሞከረ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። አንድ ዓይናቸው ብቻ አለቀሰች።

ባለቤታቸው ማማ ኬሩቦ፣ ይኸውም የኬሩቦ እናት ማለት ነው፣ ሻይ በወተት አፍልታ አቀረበችልን። እንዳንጠይቃት ፈርታ ይሁን እንድንጠይቃት ቸኩላ አላውቅም፣ ኩባያውን ሳናነሳ ጀመረች።

«ከሁለት ዓመት በፊት ነው የወደቀው። ዶክተሮቹ ንግግሩ አይመለስም አሉኝ። በወደቀ በአሥራ አንደኛው ቀን የአንቺን መልእክት አገኘሁና አነበብኩለት። በግራ እጁ እጄን ጨበጠኝ፣ ልጄ። ከወደቀ ወዲህ እንደዚያ ጨብጦኝ አያውቅም ነበር። ምን ላድርግ? ሳዋ ብዬ ጻፍኩ።»

ከዚያ በኋላ ሥርዓት ሆነ። መልእክቱ ሲመጣ ታነብላቸዋለች፣ ሲጨብጧት ትጽፋለች። ለጎረቤቶቹ ጠዋት ጠዋት በሹክሹክታ ለእሷ ብቻ እንደሚናገሩ ነገረቻቸው። አመኗት፣ ወይም ማመን ፈለጉ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጋዜጣውን ይዘው ይመጣሉ፣ ዛፉ ሥር ከበዋቸው ያነባሉ፣ ምዋሊሙ እንዳሉት እየተባባሉ ይከራከራሉ። በአምራቾቹ ስብሰባ ላይ ወንበራቸው እስከ ዛሬ ባዶ ተትቶ ይጠብቃቸዋል።

«ዝም ማለቱን ካወቁ ማንም አይመጣም» አለች ማማ ኬሩቦ። «በቁሙ ይቀበራል። አትንገሪያቸው።»

ንዱንጌ እሺም እምቢም አላለችም። ያመጣችውን ጋዜጣ አውጥታ ለምዋሊሙ የሻይ ጨረታውን ወሬ አነበበችላቸው፤ የራሷ ቃል የሌለበትን ገጽ መርጣ።

ማማ ኬሩቦ እስከ ዋናው መንገድ ሸኘችን። ከዳገቱ ላይ የጎረቤቶቿ ሻይ እንደተነጠፈ ይታያል፣ አንድም ቁጥቋጦ አልተነቀለም። እዚያ ቆመች።

«አንድ ቀን ግን አልጨበጠኝም» አለች። «አትንቀሉ ያልሽው ጊዜ። እጄን ገፋው። ደግሜ አነበብኩለት፣ ደግሞ ገፋው። አንቺ ከሦስት ሰዓት በፊት ብለሻል። ሰዓቱ ደረሰብኝ። ሳዋ አልኩ።»

ስንመለስ ማታቱ ውስጥ ጮህኩባት። አፍሽን ያዢ፣ ሽማግሌው አሟቸው መናገር አልፈለጉም በይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ባለሙያ ፈልጊ፣ ማን ተጎዳ አልኳት። አሁን ሳስበው ስለ ምዋሊሙም ስለ ማማ ኬሩቦም አልነበረም የምጮኸው። አጠገቤ ያለችው ወንበር ባዶ እንዳትሆን ነበር።

«ኦቲያቶ ስልኬን ለምን የሚያነሳልኝ ይመስልሻል?» አለችኝ ብቻ።

ሰኞ ከሦስት ሰዓት በፊት ደወለችለት። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ። እንደ ወትሮዋ «ኦቲ፣ ዛሬ ምንም የለኝም» ብላ ጀመረች፣ ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። የሚለው ይሰማኝ ነበር፤ ድምፁ ቀጭን ቢሆንም ቢሮው ጸጥ ብሎ ነበር።

«ስንት ናቸው?» አላት።

«ሃያ ስድስት።»

«ሃያ ዓመት ሰው ስታናግሪ ኖረሽ፣ የእሳቸው እንዳልሆነ እንዴት አላወቅሽም?»

ንዱንጌ መስኮቱን እያየች ነበር። «የኔ ጎበዝነት መስሎኝ» አለችው።

ኦቲያቶ ስልኩን ዘጋው። የእጅ መግፋቱን ነገር ግን አልነገረችውም። በኋላ ለምን ብዬ ስጠይቃት ሌላው ሁሉ ከአፏ ወጣ፣ ያቺ ግን እምቢ እንዳለቻት ነገረችኝ። ሃያ አምስቱ የሷ ቃል ነበሩ፣ በአንዱ ላይ ግን ሰውየው ራሳቸው ተናግረው ነበር፣ እና እሷ በሦስት ሰዓት ጥድፊያ አፋቸውን ደፈነችው።

ጋዜጣው ሁለተኛው ገጽ ላይ አጭር እርማት አወጣ። የሃያ ስድስቱን ቀኖች ዘርዝሮ፣ በእነዚህ ቀኖች የታተመው የዶክተር ኒያምዌያ ቃል የእሳቸው አልነበረም ይላል። ኦቲያቶን ከንግድ ገጹ አንስተው የሙት ታሪክ የሚጻፍበት ማዕዘን ላይ አስቀመጡት። ያን ገጽ በዕድሜው ሙሉ ይንቀው ነበር። አለቃችን ንዱንጌን በኬክና በፖስታ ካርድ አሰናበታት፤ ካርዱ ላይ ሁላችንም እንድንፈርም ተደረገ፣ እኔ አልፈረምኩም። ኒያሚራ ደግሞ ማማ ኬሩቦ እንደፈራችው ሆነ። እሑድ እሑድ ዛፉ ሥር የሚመጣ ሰው ቀረ። እሷ ግን ንዱንጌን አንድም ቀን አልወቀሰቻትም፤ እየደወለች ደህና አደርሽ ትላታለች። ይሄ ከስድብ ይከፋል።

ንዱንጌ ኡሞጃ ከሚገኘው ቤቷ ሆና ጠዋት ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ኦቲያቶ ጋ መደወሏን አልተወችም። የምታቀርብለት ታሪክ የለም፣ ቢሮ የለም፣ ደንበኛ የለም። ትደውላለች፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይቆማል። ተዪው እላታለሁ። «የማያነሳልኝ መሆኑን ላውቅ ነው» ትለኛለች። አንጀቴን ትበላው ነበር።

አንድ የመስከረም ቅዳሜ ጠዋት እቤቷ ሄጄ ባቄላ ስንፈለፍል ስልኳ ላይ መልእክት መጣ። ላኪው «ምዋሊሙ» ይላል። ከእሳቸው ስልክ ነው የተጻፈው። «ምዋሊሙ አረፈ» ይላል። ንዱንጌ ስሙንና መልእክቱን አንድ ላይ ስታይ ፊቷ ምን እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ባቄላው ከጭኗ ፈሰሰ፣ አላነሳችውም።

ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጠራ። «ኦቲ» ይላል። እሷም በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች።

«ወይዘሮ ሙሌይ» አላት። ሃያ ዓመት እህቴ፣ አንቺ ሲላት የኖረ ሰው ነው። «ስለ ዶክተር ኒያምዌያ እየጻፍኩ ነው። ባለፉት ዓመታት ያሉትን አንድ ነገር እፈልጋለሁ፣ የራሳቸው የሆነ። እርስዎ ያልጻፉት።»

ተነስታ ሰማያዊ ደብተሯን አመጣች። የእሳቸውን ገጽ ገለጠች። «ሻይ፣ ምዋሊሙ» ይላል፣ ሌላ ምንም የለበትም። ለስንቱ ምሁር አፍ የሆነች ሴት አፏን ከፍታ ቆመች። ኦቲያቶ ጠበቃት። ለዚያ አመሰግነዋለሁ፣ አልዘጋውም።

«አንድ አለ» አለችው በመጨረሻ። «አትንቀሉ ያልኩት ጊዜ የሚስታቸውን እጅ ገፍተዋል። ሁለት ጊዜ። አይሆንም ብለው ነበር ኦቲ። እኔ ነኝ ለሦስት ሰዓት ያጣደፍኳቸው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እኔን አትመነኝ። ሚስታቸውን ጠይቅ።»

አመሰግናለሁ ብሎ ዘጋ።

ሰኞ ጋዜጣውን ይዤ ሄድኩ። ከፎቷቸው ሥር ስለ ትምህርታቸውና ስለ ሥራቸው ተጽፏል፣ መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «የሻይ ቁጥቋጦ አትንቀሉ የሚለው ምክር የዶክተር ኒያምዌያ አልነበረም። ንግግር ካቆሙ በኋላ ምክሩ ሲነበብላቸው የባለቤታቸውን እጅ ሁለት ጊዜ በመግፋት የተቃወሙት መሆኑን ባለቤታቸው ያረጋገጡ ሲሆን፣ ቃሉን በስማቸው የጻፈችው ንዱንጌ ሙሌይም ይህንኑ ለጋዜጣችን ተናግራለች።» ከሃያ ዓመት በኋላ ስሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋዜጣ ላይ ወጣ።

በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ አነበበችው። ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች፣ ልክ የራሷን ጽሑፍ እንደምታይ። ስትጨርስ ጋዜጣውን አጠፈችው።

«ሳዋ» አለች። «ግን ሁለተኛዋ ትረዝማለች። ምዋሊሙ አይወዷትም ነበር።»

ከዚያ አለቀሰች፤ ከኒያሚራ ከተመለስን ጀምሮ ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ሌላ ወንበር ጎትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።